የቆረም መንገድ ዜና

በ1928 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ የሮማው ሙሶሊኒ በኢትዮጵያ ላይ በተነሣ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደሴ ሰፍረው ነበር። ኅዳር 26 ቀን የጠላት አይሮፕላኖች ከተማዪቱን ደበደቡ፤ ቀይ መስቀል ያለበትን ሐኪም ቤት እንኳ አልማሩም። ይህን የውጭ ጋዜጠኞች ቆመው ስላዩት ዓለም ሰማው። ከደሴ በስተ ሰሜን ለሆነው ግን ምስክሩ ጥቂት ነበረና ስለዚያ እንጽፋለን።

ወደ ቆረም የሚያወጣው መንገድ ከውጫሌ ወርዶ፣ በመርሳ በኩል ሀብሩን አቋርጦ፣ የየጁን ከተማ ወልድያን አልፎ በቆቦ ሜዳ ይዘልቃል። ውጫሌ ያች በ1881 ከጣሊያን ጋር ውል የተፈረመባት ናት፤ የውሉም ተንኮል በአገሩ ገና አልተረሳም ነበር።

ሮማ በመርዝ ጋዝ እንዳትዋጋ በ1917 በጄኔቭ ፈርማለች። ሙሶሊኒ ግን በምስጢር ቴሌግራም ፈቀደ፤ የጦሩ አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮም ከታኅሣሥ ጀምሮ አዘነበው። አንዱ ቦምብ ከ200 ኪሎ በላይ ፈሳሽ መርዝ ይይዛል፤ ምድር ሳይነካ በአየር ላይ ፈንድቶ እንደ ጠል ይወርዳል። መርዙ የነካው ሰው በመጀመሪያ አይታወቀውም። ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ውኃ ቋጥሮ ይላጣል፤ ዓይኑ ይጨልማል። ባዶ እግሩን የሚዘምተው ሠራዊት የረከሰውን ሣር ረገጠ፤ ከብቱም ያንኑ ጋጠ። ጎራዴ የመዘዘ ጀግና ከጠል ጋር እንዴት ይዋጋል?

የካቲት 25 ቀን በቆረም አጠገብ የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ድንኳን ተደበደበ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ውጊያ ሆነ፤ ድሉም ለጠላት ሆነ። የሚመለሰው ሠራዊት አሸንጌ ሐይቅ ዳር ሲደርስ ቦምብም መርዝም ወረደበት። ከጠላት ብርና ጠመንጃ የተቀበሉ የራያና የአዘቦ ሰዎችም ከጎን ወጉት። ይህን አንሸሽግም፤ ነገር ግን ቀድሞ በዚያ አገር ላይ የተላከው የቅጣት ዘመቻ ለጣሊያን ብር በር ከፍቶ እንደ ነበር አብሮ ይጻፍ። ሚያዝያ 7 ቀን ጠላት ደሴ ገባ።

ሰኔ 23 ቀን ጃንሆይ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ተነሥተው ስለ መርዙ ሊናገሩ ሲጀምሩ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት አወኳቸው። በመስከረም 1930 የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በአርበኝነት ወድቀው አንገታቸው ተቆረጠ፤ ሕዝብ እንዲፈራም በአደባባይ ታየ።

የሮማ መንግሥት ግን መርዙን ካደ፤ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ያመነው በ1988 ነው። ባዶሊዮ በፍርድ ሳይቆም በ1949 በትውልድ ከተማው ዐረፈ፤ ከተማውም እስከ ዛሬ ግራትሳኖ ባዶሊዮ ይባላል።