ዳኛ ፊት ዝም ማለት

ተጫዋቾቻችን ዳኛው ፊሽካውን በነፋ ቁጥር አምስት ስድስት ሆነው ለምን ይከቡታል? የተለመደው መልስ አጭር ነው፤ ሥነ ምግባር ስለሌላቸው ይባላል። ነገሩ ስለ ጎንደርና ስለ ሰሜን ደጋ ልጆች ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ ደገኛ ደሙ ፈጥኖ ይፈላል፣ ለጠብ ቅርብ ነው ይሉታል። ይህ መልስ ስንፍና አለበት። የአካባቢውን ታሪክ ጠጋ ብሎ ላየው የሚገኘው ተቃራኒው ነው። የጎንደር ደጋ ሰው ቁጣን የሚገታበት የቆየ ልምድ ነበረው፤ ልምዱ የቆመው ግን በንግግር ላይ ነው። የተበደለ ይናገራል፣ ዳኛ ያደምጣል፣ ንዴትም በአፍ ይወጣል። ከባሕር ማዶ የመጣው የእግር ኳስ ሕግ ዳኛ ፊት ዝም በል ይላል። ክለቦች የሚቸገሩበት የዲሲፕሊን ጉድለት አብዛኛው የሚነሣው ከነዚህ ሁለት የዳኝነት ልማዶች መጋጨት ይመስለኛል፤ የተሳካላቸው ቡድኖችም ለዚያ ለታፈነ ንግግር መውጫ ያበጁለት ናቸው።

ከኳስ በፊት የገና ጨዋታ ነበር። አዝመራው ተሰብስቦ ሜዳው ሲለቀቅ በወገራና በደምቢያ፣ እንደ ሌላው የደጋ አገር ሁሉ፣ ጎረምሶች ጫፉ የቆለመመ ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ጥንጓን እየለጉ ወደ ተቃራኒው ወገን ድንበር ይነዷታል። የተጫዋቹ ቁጥር አልተወሰነም፤ ሜዳውንም ወንዝ ወይም ገደል ካልከለከለው በቀር የሚያጥረው አልነበረም። ፊሽካ የያዘ ዳኛ ደግሞ ጭራሽ የለም። እንዲህ ባለ ጨዋታ ዱላ ቅልጥም ማግኘቱ አይቀርም፤ የተመታው ጌታ፣ የመታው ሎሌ ሊሆን ይችላል። በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የሚናገረው የታወቀ ብሂል ከዚህ የመጣ ነው። ብሂሉን ዛሬ ለበዓል ማድመቂያ እናነሣዋለን እንጂ በውስጡ ያለው ጥብቅ ደንብ ነው። ማዕረግ ከሜዳው ውጭ ይቀመጣል፤ በጨዋታ ላይ የደረሰ ምት ቂም አይያዝበትም፤ ፈቃዱም የበዓሉ ሰሞን ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። ጨዋታው ሲያበቃ ደግሞ ያሸነፉት የተሸነፉትን በግጥም ይሸረድዳሉ፣ እነዚያም አጸፋውን ይመልሳሉ። ገናን ከጠብ የለየው፣ በእኔ ግምት፣ ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው፤ የተሸነፈ ሰው ንዴቱን የሚተነፍስበት ጊዜ በሥርዓት ተሰጥቶታል። ጨዋታው ንጹሕ ነበር ማለቴ አይደለም። እግር ተሰብሯል፣ ጥርስ ረግፏል፣ ሽማግሌ ካልገባበት የማይበርድ ጠብም ተነሥቷል። ዱላ የያዘ ጎረምሳ በሚሯሯጥበት ሜዳ ጉዳት መድረሱ አያስገርምም፤ የሚያስገርመው ያለ ዳኛና ያለ ቅጣት መዝገብ ይህን ያህል ዘመን መዝለቁ ነው።

በችሎት ታሪክም ያው ነገር ጎልቶ ይታያል። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሯት በኋላ ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ ብቻ አልነበረችም፤ ፍትሐ ነገሥት የሚገለጥባት፣ ባለጉዳይ ከሩቅ አገር ስንቁን ይዞ የሚመጣባት የፍርድ ከተማም ነበረች። ሕግ ግን በግንቡ አጥር ውስጥ ብቻ አልነበረም። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው እጁን መሰብሰብ ነበረበት፤ አልፎ ሂያጅ መንገደኛም ቆሞ እንዲዳኛቸው ይጠየቅ ነበር። እንግዲህ ደገኛው አንድ ድምፅ ሰምቶ መቆምን ከፊሽካ አልተማረም። እንግዳ የሆነበት ከቆመ በኋላ የሚመጣው ነው። በመንገድ ዳኛ ፊትም ሆነ በትልቁ ችሎት የቆመ ሰው ይሟገታል። በላ ልበልሃ የሚባለው ሥርዓት ራሱ የንግግር ጥበብ ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን አደግድገው፣ እየተንጎራደዱ፣ በምሳሌና ቤት በሚመታ ቃል ይከራከራሉ፤ በማርና በበቅሎ ይወራረዳሉ፤ ሕዝቡ ከብቦ ይሰማል። ጥሩ ዳኛ የሚባለውም ሁለቱን ወገኖች እስኪጨርሱ የሚታገሥ ነው። በ1950ዎቹ የወጡት ዘመናዊ ሕጎች ይህን ሙግት ከፍርድ ቤት አስወጡት፤ ከሰው ልማድ ግን ቶሎ አልወጣም። የጎንደሩ የእግር ኳስ ክለብ ፋሲል ከነማ በ1960 ዓ.ም. ሲመሠረት በሜዳው ዙሪያ የቆመው ተመልካች አባቶቹ ሲሟገቱ ያየ፣ ካላየም የሰማ ትውልድ ነበር።

እግር ኳስ ለዚህ ትውልድ ያቀረበለት ዳኛ ምክንያቱን የማያብራራ፣ ሙግት የማይሰማ፣ የወሰነውንም መልሶ የማያይ ነበር። ይህ የከበደው ግን የኛን ሰው ብቻ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. ክረምት በለንደን ዌምብሌይ፣ እንግሊዝና አርጀንቲና በዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ሲገናኙ፣ የአርጀንቲናው አምበል አንቶኒዮ ራቲን በጀርመናዊው ዳኛ ሩዶልፍ ክራይትላይን ከሜዳ ተባረረ። ማንንም አልደበደበም፤ ያስወጣው ምላሱ ነው። እርሱ እንዳለው የፈለገው አስተርጓሚ እንዲጠራለት ነበር፤ አልወጣም ብሎም ደቂቃዎች አስቆጠረ። ያኔ የዳኞች ኃላፊ የነበረው እንግሊዛዊው ኬን አስተን ስለዚያ ግርግር እያሰበ መኪና ሲነዳ የትራፊክ መብራት አየና የቢጫና የቀይ ካርድ ሐሳብ መጣለት። ካርዶቹ በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ ሥራ ጀመሩ። ካርድ እንግዲህ ሲፈጠር ማስፈራሪያ ሳይሆን ማስረጃ ነበር፤ ቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች እንዲግባቡ የወጣ ምልክት። ነገር ግን የዳኛውን ቃል ወደ ተጫዋቹ ያደርሳል እንጂ የተጫዋቹን ቃል ወደ ዳኛው አያደርስም። ራቲን የጠየቀው ይህንን ሁለተኛውን መንገድ ነበር፤ እርሱ ግን አሁን ድረስ በቅጡ አልተሠራም።

ካርድ ከመኖሩ በፊትም የሰከነ ቡድን እንደነበረ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ይመሰክራል። የጥምቀት ሰሞን እሑድ፣ አዲስ አበባ ላይ፣ ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ተገናኘች። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ግብ አካክሳ ብዙም ሳትቆይ ሁለተኛው ተቆጠረባት፤ ልብ የሚሰበረው፣ ተጫዋች ከተጫዋች የሚጯጯኸው፣ ሁሉም በዳኛው ላይ የሚያመካኘው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ራሱ አግብቶ አቻ አደረጋት፤ በተጨማሪው 30 ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩና ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ቡድኑን ያሠለጠነው ይድነቃቸው ተሰማ በቅዱስ ጊዮርጊስ ለረጅም ዘመን የተጫወተ፣ ኋላም ከ1964 ዓ.ም. እስከ ሕልፈቱ የአፍሪካን እግር ኳስ የመራ ሰው ነው። በዚያ ቀን የነበረው እርጋታ የካርድ ፍርሃት ሊሆን አይችልም። ሁሉም የሚሰማው አሠልጣኝና ሁሉም የሚከተለው አምበል ነበሩ።

ተቃራኒውንም አይተናል። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ ላይ ዳኛ ተደበደበ፤ ፌዴሬሽኑም ሊጉን እስከ ማቋረጥ ደረሰ። ካርዱ በዳኛው ኪስ ውስጥ ነበር፤ ሕጉም ተጽፏል፤ ቅጣቱም ይታወቃል። የጠፋው ዳኛው ያደምጠኛል፣ ዳኛው ባያደምጠኝ ሌላ አካል ያደምጠኛል የሚለው እምነት ነው። በዚያ ወቅት በሊጉ ላይ የፖለቲካው ሙቀት ተጭኖበት እንደነበር አይካድም፤ ሆኖም ፖለቲካ ባልገባበት ጨዋታም ዳኛ ይከበባል። ዲሲፕሊን የተጫዋቹ ጠባይ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየን ደግሞ የ2005ቱ የብሔራዊ ቡድናችን የዋልያዎቹ ታሪክ ነው። ለ2006ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ረትተን፣ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ ተጫዋች በማሰለፋችን ውጤቱ ተገልብጦ 3 ለ 0 ተፈረደብን። ማንም አልተሳደበም፣ ማንም አልተማታም። መዝገብ የሚይዝ ሰው ሥራውን አልሠራም፤ ያ ብቻ ሦስት ነጥብ አሳጣን።

ወደ ጎንደር ስንመለስ ፋሲል ከነማ በ2009 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቅሎ በ2011 የኢትዮጵያ ዋንጫን፣ በ2013 በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ መሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ አነሣ። ይህ ሁለተኛው ድል የተገኘው በጎንደር አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይደረግ ነው። በኮሮና ምክንያት 13ቱ ክለቦች በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐዋሳ እየተዘዋወሩ ተጫወቱ፤ ጨዋታውም ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ በቀጥታ ታየ። አንድ ሰው ይህን ይዞ ሊከራከረኝ ይችላል፤ አፄዎቹ የሚባሉት የፋሲል ከነማ ልጆች የሰከኑት ያ የጋለ ደጋፊ ባለመኖሩ ነው፣ ጥፋቱም የደጋፊው ነው ይለኛል። ዝምታው ግን ለ13ቱም እኩል ነበር፤ ለሁሉም እኩል የሆነ ነገር ለምን አንዱ እንዳሸነፈ አያስረዳም። ስለ ዲሲፕሊን ከሆነ ግን በዓመቱ የተለወጠው ትልቁ ነገር ምስሉ ነው። አወዛጋቢ ውሳኔ ሁሉ ተቀድቶ ይቀመጣል፤ የተበደለ ቡድን የሚያሳየው ማስረጃ አለው። አምበሉ ቀርቦ ክስ የሚያስይዝበት የቆየው የሊጋችን ወግም በማስረጃ ሲደገፍ ክብደት ያገኛል። ክሱ እንደሚታይ የሚያውቅ ተጫዋች ዳኛውን የሚከብበት ምክንያት ይቀንሳል።

የዚያው ክለብ ተከላካይ ያሬድ ባየህ ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በያውንዴ የገጠመው ደግሞ ሌላውን ወገን ያሳያል። በአፍሪካ ዋንጫ የመጀመሪያ ጨዋታችን፣ ከኬፕ ቨርዴ ጋር፣ ገና በ12ኛው ደቂቃ ዳኛው ምስሉን አይቶ በቀይ ካርድ አስወጣው። ካሜራ የፈረደውን ማን ይሟገተዋል? አሥር ሰው የቀረው ቡድን 80 ደቂቃ ያህል ተጫውቶ በአንድ ግብ ብቻ ተሸነፈ፤ አልተበተነም፣ ሌላ ተጫዋችም አልተባረረበትም። አሠልጣኙ ውበቱ አባተ ቀድሞ በፋሲል ከነማ ያሠለጠነ ሰው ነው።

በጣም ጠንካራው ተቃውሞ ግን ይህ ነው። የዛሬው ተጫዋች በላ ልበልሃን አላየም፤ የፋሲል ከነማ ተጫዋቾችም ከየክልሉ፣ አንዳንዶቹም ከውጭ አገር የመጡ ናቸው። የጎንደር ደጋ የሙግት ልማድ እነሱን ምን አገባቸው? መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሙግት የመርታት ክብር የጎንደር ብቻ አይደለም፤ በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ሰው የሚመዘነው በአነጋገሩም ጭምር ነው። ሁለተኛ፣ ተጫዋቹ ከየትም ይምጣ፣ ተበድለናል የሚለውን ጩኸት የሚሰማው ከተመልካቹ ነው፤ ተመልካቹ ደግሞ የአገሩ ልጅ ነው። ገንዘብ መቅጣት ይሻላል የሚሉም አሉ። ቅጣት አያስፈልግም አልልም፤ ነገር ግን ደመወዙ የተቆረጠበት ተጫዋች ቅሬታውን ይዞት ይቀጥላል፣ አፍኖት በሚቀጥለው ጨዋታ ያፈነዳዋል።

ሌላው ዓለም እንኳ ወደዚሁ እየመጣ ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ጀርመን ላይ በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ስለ ውሳኔ ዳኛውን ቀርቦ እንዲያነጋግር የተፈቀደለት አምበሉ ብቻ ነበር፤ አምበሉ ግብ ጠባቂ ከሆነ ሜዳ ውስጥ ካሉት አንዱ ይወከላል። አሥሩ ዝም ይላሉ፣ አንዱ ይናገራል፣ ዳኛውም ለእርሱ ያስረዳል። ከጎንደር እስከ ዳባትና ደባርቅ ታዳጊ ቡድን የያዛችሁ አሠልጣኞች፣ የአምበልነቱን ጨርቅ ለጎል አግቢው ወይም ለዕድሜ ባለጸጋው ብቻ አትስጡ፤ አንደበቱ ለተገራው፣ ጓደኞቹ ለሚሰሙት ስጡት። ፌዴሬሽኑም የዲሲፕሊን ውሳኔ ሲያወጣ ከቅጣቱ ጋር ምክንያቱን ይጻፍ።