ሻንሲ

ሻንሲ ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ቃል ሲሆን፣ የተሽከርካሪን አጽም ያመለክታል። ከደሴ በሀብሩዋ መርሳ በኩል ወደ ወልድያ የሚመላለሰው የአይሱዙ የጭነት መኪና ራሱን የቻለ ሻንሲ አለው፤ ሁለት ረጃጅም ብረቶች በአግዳሚዎች እንደ መሰላል ተያይዘዋል። በቶዮታ ኮሮላ ግን የመኪናው አካል ራሱ ሻንሲ ነው። እንደ ቀድሞው ፎርድ ሙስታንግ ባሉ ፈጣን መኪኖች የፊትና የኋላ ተሸካሚ ብረቶች መሃል ላይ ስለማይገናኙ፣ ኃይለኛ ሞተር ሲገጠም አካሉ ይጠማዘዛል። ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኝ ብረት ይጨመራል። በብሎን የሚታሰረው ለመፍታት ይመቻል፤ የሚበየደው ይበልጥ ያጠነክራል። ሲበየድ የመኪናው ክብደት በጎማዎቹ ላይ ማረፍ አለበት፤ አለዚያ አካሉ እንደተጣመመ ሊቀር ይችላል።