ቢጫው ጠብታ ገባ ወይስ ከላይ ፈሰሰ?

ኬራቶኮነስ የሚባለው የዓይን ሕመም ብዙውን ጊዜ በአፍላ ዕድሜ ይጀምርና የዓይንን የፊት መስታወት፣ ማለትም ኮርኒያን፣ ቀስ በቀስ እያሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ያወጣዋል። ታማሚው መነጽር ቢቀያይርም እይታው አይጠራለትም። ዓይንን አዘውትሮ ማሸት ደግሞ ሕመሙን ያባብሰዋል። እየከፋ ከሄደ መጨረሻው የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ሊሆን ይችላል። እኛ አገር «የዓይን ብሌን ልገሳ» የምንለውም ይኸው የኮርኒያ ልገሳ ነው።

ከዚያ ደረጃ ሳይደረስ የሕመሙን ግስጋሴ ለመግታት የሚሰጠው ሕክምና ክሮስሊንኪንግ ይባላል። ቮለንሳክ፣ ሽፐርል እና ዛይለር የተባሉ ተመራማሪዎች በጀርመን ድሬስደን ከተማ ባከሟቸው ሰዎች ላይ ያገኙትን ውጤት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2016 ፈቀደው። ሕክምናው የሚሠራው በሁለት ነገር ነው፤ ራይቦፍላቪን በተባለው ቫይታሚን ቢ2 እና በአልትራቫዮሌት ጨረር። ጨረሩ ቫይታሚኑ ላይ ሲያርፍ፣ ኦክስጅን ባለበት፣ የኮርኒያው የኮላጅን ክሮች እርስ በርስ ይተሳሰሩና ኮርኒያው ይጠነክራል።

እኔ የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም ስለዚህ ሕክምና ባነበብኩ ቁጥር ወሳኝ ሆኖ ያገኘሁት ነገር አንድ ነው፤ ቫይታሚኑ ወደ ኮርኒያው መስረጹ።

የኮርኒያው የላይኛው ስስ ቆዳ፣ ኤፒተሊየም፣ ሴሎቹ አጥብቀው የተያያዙ ስለሆኑ በውኃ የሚሟሟውን ራይቦፍላቪን በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ በድሬስደኑ አሠራር ዓይኑ በማደንዘዣ ከደነዘዘ በኋላ ይህ ቆዳ ከ8 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ስፋት ይነሣል፤ 0.1 በመቶ ራይቦፍላቪን ያለው ጠብታም ለ30 ደቂቃ በየጥቂት ደቂቃው ይደረጋል። ከዚያ ለሌላ 30 ደቂቃ ጨረሩ ይበራል። ከዚያ በፊት ግን ሐኪሙ ዓይኑን በሰማያዊ ብርሃን ያያል። ከኮርኒያው በስተኋላ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ቢጫ አረንጓዴ ቀለም ከታየ መድኃኒቱ ዘልቋል ማለት ነው።

ይህ ለወጉ ያህል የሚደረግ አይደለም። የሰረጸው ራይቦፍላቪን ጨረሩን ውጦ ስለሚያስቀር ለውስጠኛው የዓይን ክፍል ጋሻ ይሆናል። ጋሻው ከሳሳ ጨረሩ ከኮርኒያው ጀርባ ያሉትን፣ ከሞቱ የማይተኩ ሴሎች ሊጎዳ ይችላል። ቆዳው ከተነሣ በኋላ የኮርኒያው ውፍረት ቢያንስ 400 ማይክሮን ይሁን የሚባለውም ለዚሁ ነው። ከዚያ ለሳሳው ኮርኒያውን የሚያሳብጥ ሌላ ዓይነት የራይቦፍላቪን ፈሳሽ አለ።

«ታዲያ ቫይታሚኑን ውጬ ፀሐይ ብሞቅስ?» የሚል አይጠፋም። ኮርኒያ የደም ሥር የለውም፤ የተዋጠ እንክብል ለዚህ ሕክምና በሚበቃ መጠን እዚያ ስለመድረሱ የተረጋገጠ ነገር የለም። ፀሐይም በልክ የተመጠነ ጨረር አይደለችም፤ ዓይንን ትጎዳለች።

ቆዳውን ሳያነሡ ማከምም አለ። የአሜሪካው አስተዳደር በ2025 የፈቀደው አሠራር ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ራይቦፍላቪንና ተጨማሪ ኦክስጅን ይጠቀማል። ስለዚህ ቆዳው አለመነሣቱ ብቻውን ስህተት አይደለም፤ መድኃኒቱ በምን መንገድ እንደሚገባ ግን መልስ ያስፈልገዋል።

ታካሚ ፈቀደ የሚባለው ወረቀት ላይ ስለፈረመ ብቻ አይደለም፤ የሚፈርምበትን ሲያውቅ ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። የኮርኒያዬ ውፍረት ስንት ነው? ቆዳው ይነሣል ወይስ አይነሣም? መድኃኒቱ መስረጹስ በምን ይታያል? ሕክምናው ሕመሙን ባለበት ለማቆም እንጂ መነጽር ለማስጣል እንዳልሆነ፣ ቆዳው ከተነሣም ለጥቂት ቀናት ሕመም እንዳለውና ዓይኑ ሊመረቅዝ እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገራችሁ ይገባል። እነዚህን መጠየቅ ሐኪምን መጠራጠር አይደለም፤ ዓይኑ የእናንተ ነውና መብታችሁ ነው።