የነጋድራሱ ልጅ

እዚህ ሃያብለ ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ልጆች ማታ ማታ ኳስ ይጫወታሉ። አንድ ቀን ትንሹ ልጄ «እማዬ፣ ኢትዮጵያና ጅቡቲ ቢጋጠሙ ማንን ልደግፍ?» አለኝ። መልስ ስላጣሁ ታሪክ ነገርኩት።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታ ያደረገው ከዚህችው ከጅቡቲ ጋር ነው። ጊዜው ኅዳር 25 ቀን 1940 ዓ.ም. ሲሆን አገሩ ያኔ የፈረንሳይ ሶማሊላንድ ይባል ነበር። ኢትዮጵያ 5 ለ 0 አሸነፈች።

የዚያ ዘመን ኳስ ሲነሳ ስማቸው ቀድሞ የሚመጣው ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። የተወለዱት ጅማ፣ በ1914 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ባለቅኔ ነበሩ። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ ማለት ነውና፣ እኛ ነጋዴዎች ይድነቃቸውን «የኛ ልጅ» ብንላቸው የሚወቅሰን የለም።

ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተዋል፤ ለብሔራዊ ቡድኑም ተሰልፈዋል። የወጣትነታቸው ጊዜ ግን ፋሽስት ጣሊያን ነጭና ጥቁርን በሕግ የለየበት የወረራ ዘመን ነበር።

በ1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ሲመሠርቱ፣ ይድነቃቸው የኢትዮጵያ ተወካይ ሆነው ተገኙ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አልልክም አለች። ሌሎቹም አልተቀበሏትም። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በሦስት አገር ብቻ ተካሄደ። ሱቅ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ገና በመክፈቻው ቀን ካሉህ አራት ደንበኞች አንዱን «ሂድ» ማለት ቀላል አይደለም።

ይድነቃቸው በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 ረትታ ዋንጫውን ስትወስድ አሠልጣኝ ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ቀን ድረስ ደግሞ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት መሩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በአፓርታይድ ጉዳይ አልተደራደሩም።

ልጄ ማንን እንደሚደግፍ እስካሁን አልነገርኩትም። ያልኩት አንድ ነገር ነው፦ ሶማሌ፣ አፋር፣ ሐበሻ ብሎ ልጅ ከሜዳ የሚያስወጣ ቡድን ካየህ፣ አሸናፊ ቢሆን እንኳ አትግባበት።