ዓይኑ የማን ነው?

ከስድስት ኪሎ በር ወጥተን ሽቅብ ወደ እንጦጦ ስናቀና ብዙም ሳንርቅ ሽሮ ሜዳ እንደርሳለን። ለበዓል የምንለብሰው ነጠላና ጋቢ የሚሸጠው እዚያ ነው። ከዚያ ብዙም የማይርቀው ቀጨኔ ደግሞ የጀበናውና የድስቱ መፍለቂያ ነው። ሁለቱም ጉለሌ ናቸው። ዕቃውን ወደን ሠሪውን ንቀን መኖራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ግን ይህ ንቀት በሠሪው ልጅ አእምሮ ላይ ምን ያደርጋል? ብለን ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። «ጉለሌ» ራሱ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር በፊት እዚህ ይኖር የነበረ የኦሮሞ ጎሣ ስም ነው። ምኒልክ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ ሲከትሙ፣ ቤተ መንግሥትና ጦር ባለበት ቀጥቃጭም ሸማኔም ሸክላ ሠሪም ያስፈልጋልና፣ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ባለ እጆች ቀጨኔ ሰፈሩ። የጋሞ ደጋ በምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ ወዲያ ደግሞ የጋሞ ሸማኔዎች እየመጡ ሽሮ ሜዳን የሽመና ሰፈር አደረጓት። ከተሜው ታዲያ ሁሉንም «ዶርዜ» አላቸው። ከዶኮ ይምጣ ከዲታ ጉዳዩ አይደለም፤ ዶርዜ ከብዙዎቹ የጋሞ አገሮች አንዱ ብቻ መሆኑን ማን ጠይቆ!

እዚህ ላይ ቆም ብለን የምናየው ነገር አለ። በጋሞ ደጋ ሽመና አያስነውርም። እዚያ የሚናቁት «ማና» የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎችና «ደጋላ» የሚባሉት ቆዳ ፋቂዎችና ቀጥቃጮች ናቸው። ሸማኔው ሙሉ የአገር ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ ደግሶ «ሀላቃ» የሚባለውን ማዕረግ እስከ መውሰድ ይደርሳል። ለመስቀል አገሩ ሲገባ ሰው ነው። በዓሉ አልፎ ሽሮ ሜዳ ሲመለስ ግን «ቁጢት በጣሽ» ይባላል። ሰውየው ያው፣ መወርወሪያው ያው፤ የተለወጠው የሚያየው ዓይን ነው። (ሸማኔውንም ጻድቅ አናድርገው፤ እሱም አገሩ ላይ ማናውን ሲንቅ ነው ያደገው።)

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብ ከልክለዋል። ከ1966 ወዲህም አብዮቱ «ላብ አደር» ብሎ አሞገሰው፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር አደራጀው። ደግ ነው። ነገር ግን አዋጅ አፍን እንጂ ዓይንን አይዘጋም። ማርቲኒካዊው የአእምሮ ሐኪም ፍራንዝ ፋኖን እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ጥቁሩና ስለ ነጩ የጻፈው ይህንኑ ነው፦ የተናቀ ሰው ውሎ አድሮ ራሱን በናቂው ዓይን ማየት ይጀምራል።

የቀጨኔው ልጅ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። እሱ የሚናገረው ያው አማርኛ ነው፤ በመልክም በቋንቋም አይለይም። የሚለየው «ቡዳ» በሚል ስም ነው። ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። ሰው ሲታመም፣ በተለይም ሲቃዥና ሲለፈልፍ፣ «ማን በላህ?» እየተባለ ይመረመራል፤ ስሙ የሚጠራውም ብዙ ጊዜ የአንዱ ባለ እጅ ነው። እስቲ አስቡት፤ የአእምሮ ሕመም በዚህ መልክ በሚተረጎምበት አገር የቀጨኔው ወጣት ሕመምተኛ አይደለም፣ ሕመሙ ራሱ ነው! እሱስ እንቅልፍ ቢያጣ፣ ልቡ ቢፈራ፣ ከሰው ቢሸሽ ለማን ይናገር? «በላኝ» የሚለው ማንን ነው?

በሽሮ ሜዳ በኩል ደግሞ ከጋሞ በዘመድም በደላላም የሚመጡ ልጆች አሉ፤ ድውር ሲያደውሩ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠው ሲሸምኑ የሚውሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የአዲስ አበባ ጥናት፣ ከሚሠሩ ልጆች 20.1 ከመቶው፣ ከማይሠሩት ደግሞ 12.5 ከመቶው የስሜትና የባሕርይ ችግር እንደ ነበረባቸው አሳይቷል። ጥናቱ ሸማኔን ለይቶ አልተነሣም፤ የድካሙንና የስድቡን ድርሻም ከዚህ ቁጥር ነጥለን ማውጣት አንችልም። ቢሆንም ልጁ ሁለቱንም በአንድ ትከሻ ነው የሚሸከመው።

ታዲያ ሰፈሩ ይበተን የሚሉ አይጠፉም፤ እኛ በዚህ አንስማማም። እ.ኤ.አ. በ2001 በደቡብ ለንደን የወጣ ጥናት፣ ነጭ ያልሆኑ ሰዎች በሰፈራቸው ውስጥ ቁጥራቸው ባነሰ መጠን ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም እየበዛባቸው እንደሚሄድ አግኝቷል። ለንደን ሽሮ ሜዳ አይደለችም። ሆኖም ሽሮ ሜዳ ላይ ጋሞኛው ከደጅ ይሰማል፤ አባት፣ አጎት፣ ጎረቤት ሁሉ ሸማኔ ነው፤ ማንም ማንንም «ቁጢት በጣሽ» አይልም። ስድቡ የሚጀምረው ቁልቁል ሲወረድ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ ላይ፣ ልጁ ብቻውን በሚሆንበት ቦታ ነው።

ቁልቁለቱ ደግሞ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ዶርም ውስጥ «ሰፈርህ የት ነው?» ሲባል «እዚሁ ስድስት ኪሎ አካባቢ» ብሎ የሚያልፍ ልጅ አይጠፋም። ውሸት አልተናገረም፤ ቅርብ ነው። «ቀጨኔ» ለማለት ግን ከእኛ ጋር ስንት ሴሚስተር መቆየት ይኖርበት ይሆን?