ከቡላኦስ ወደ አሳል እና አቤ፦ የአዋሽ ወንዝ መዳረሻና የአፍሪካ ዝቅተኛው ሐይቅ

ጅቡቲ ከተማ ራስ ዲካ፣ ቡላኦስ እና ባልባላ በተባሉ ሦስት የአስተዳደር ክፍሎች የተዋቀረች ናት። ከቡላኦስ ሠፈሮች ተነስቶ በባልባላ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው የኢትዮጵያ ከባድ ተሽከርካሪዎች ሌት ተቀን የሚመላለሱበትን አውራ ጎዳና ይይዛል። በርካታ ኢትዮጵያውያን ይህን መንገድ የሚያውቁት ከወደቡ ጋር በተያያዘ ነው። ሆኖም ይኸው መንገድ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር በጥብቅ ወደ ተቆራኙ ሁለት ሐይቆችም ይወስዳል፤ ወደ አሳል እና ወደ አቤ።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን የዘመን አቆጣጠር ናቸው።

አሳል፦ ከባሕር በታች ያለ ጨው

ከዋና ከተማዋ በስተምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው አሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ተኝቷል። በአፍሪካ ምድር ከዚህ የበለጠ ዝቅተኛ ቦታ የለም። የውሃው ጨዋማነት ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ ዋና የማይችል ሰው እንኳ በላዩ ላይ ይንሳፈፋል። በዳርቻው ዙሪያ እንደ በረዶ የነጣ የጨው ሜዳ ተዘርግቷል።

ሐይቁ በዋናነት የሚመገበው ከባሕር ነው። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ከሆነው ከጉቤት ተነስቶ በተሰነጣጠቀው የእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ለውስጥ የሚያልፈው የባሕር ውሃ ወደ አሳል ይደርሳል። ኃይለኛው ፀሐይ ውሃውን ያተነዋል፤ ጨው ብቻ ይቀራል።

በጉቤትና በአሳል መካከል አርዱኮባ የተሰኘው እሳተ ገሞራ ይገኛል። በኅዳር 1978 ፈንድቶ ለአንድ ሳምንት ያህል ቅልጥ ዐለት ተፍቷል። በወቅቱ ምድሪቱ ከ1 ሜትር በላይ ተለያይታ ተከፍታለች። አካባቢው የአፍሪካና የዐረቢያ የምድር ቅርፊቶች እየተራራቁ የሚሄዱበት በመሆኑ፣ ሌላ ጊዜ ከውቅያኖስ በታች የሚካሄደውን ክስተት ጎብኚዎች እዚህ በእግራቸው እየተራመዱ ይመለከቱታል።

የቅፍለቱ መንገድ

የአፋር ነጋዴዎች ለዘመናት ከአሳል ጨው እየቆረጡ በግመል ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ሲያጓጉዙ፣ በምትኩ እህልና ሌላ ሸቀጥ ይዘው ሲመለሱ ኖረዋል። ታጁራን ከሸዋ የሚያገናኘው መንገድም በዚህ ሸለቆ ያልፍ ነበር። በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው በካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ ልዑክ ከታጁራ ተነስቶ አንኮበር የደረሰው አሳልን አቋርጦ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦም በ1886 ለምኒልክ የሚሸጥ የጦር መሣሪያ ጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ ጉዞ ጀምሯል።

ጅቡቲን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የባቡር ሐዲድ በ1917 ሲጠናቀቅ የቅፍለቱ መንገድ የቀድሞ ክብሩን አጣ። ይሁንና የአሳል ጨው አልተረሳም። ከ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ ኢትዮጵያ ከአሰብ ታገኘው የነበረው ጨው ሲቋረጥ፣ ፊቷን ወደ ጅቡቲ አዙራ ነበር። በኋላ ግን በአፋር ክልል የአፍዴራ ጨው ምርት በመስፋፋቱ ገበያው ተቀዛቀዘ።

አቤ፦ አዋሽ የሚያልቅበት

ሁለተኛውን ሐይቅ ለማየት ዲኪልን አልፎ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር መጓዝ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ጊንጪ አካባቢ የሚመነጨው አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ የሚያበቃው ሁለቱ አገሮች በሚጋሩት በአቤ ሐይቅ ነው። በጅቡቲ በኩል ባለው ዳርቻ ከፍልውሃ የተፈጠሩ የኖራ ድንጋይ ዐምዶች እንደ ጭስ ማውጫ ቆመው ይታያሉ፤ አንዳንዶቹ እስከ 50 ሜትር ይረዝማሉ። ከሥራቸው እንፋሎት ይወጣል፤ በጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥም ፍላሚንጎዎች ይመገባሉ።

አዋሽን እስከ መጨረሻው ተከትሎ የመዘገበው እንግሊዛዊው አሳሽ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። በአውሳ ሱልጣን ፈቃድ ግዛታቸውን አቋርጦ አቤ ከደረሰ በኋላ፣ በአሳል በኩል አልፎ በግንቦት 1934 ታጁራ ገባ።

ዐምዶቹ የተሠሩት በውሃ ውስጥ ነው። ዛሬ በደረቅ መሬት ላይ መቆማቸው ሐይቁ ቀድሞ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር ይመሰክራል። የሐይቁ መጠን በአየር ንብረት መለዋወጥ ምክንያት በሺህ ዓመታት ውስጥ ሲሰፋና ሲጠብ ቢቆይም፣ ባለፈው ምዕተ ዓመት የአዋሽ ውሃ ለሸንኮራ፣ ለጥጥና ለሌሎች የመስኖ እርሻዎች መዋሉ የራሱን ድርሻ አበርክቷል። ከላይ የሚወሰን የውሃ አጠቃቀም ከታች የሚገኙትን የአፋር አርብቶ አደሮች በቀጥታ ይነካል።

ጎብኚዎች ሊያውቁት የሚገባ

ለጉዞ ተስማሚው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው። በበጋው ወራት፣ በተለይም ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሚያልፍ የቀን የእግር ጉዞ ለሕይወት ያሰጋል። ወደ አቤ የሚወስደው መንገድ የመጨረሻ ክፍል ባለ አራት ጎማ መንጃ መኪናና አካባቢውን የሚያውቅ መሪ ይፈልጋል፤ በዳርቻው ያለው ጭቃ ሰውንም መኪናንም ይውጣል። በአሳል የጨው ስለት እግር ስለሚቆርጥ ወፍራም ጫማ ማድረግ፣ ዓይንን ከውሃው መጠበቅ፣ ከመንሳፈፍ በኋላ ሰውነትን ለመታጠብም ከመጠጡ ሌላ ንጹሕ ውሃ መያዝ ያስፈልጋል።

ከሙቀቱ መሸሽ የሚሻ ሰው ከባሕረ ሰላጤው በስተሰሜን ባሉት የጎዳ ተራሮች፣ 1,500 ሜትር ከፍታ ላይ ወደሚገኘው የዳይ ደን መውጣት ይችላል። የኢትዮጵያን ደጋ የሚያስታውሰው ይህ የጥድ ደን፣ ከጅቡቲ ውጭ የማትገኝና የመጥፋት አደጋ የተጋረጠባት ቆቅ መኖሪያ ነው።

በአሳል መንገድ ላይ ለመዝናናት ያልወጡ እግረኞችም ይታያሉ። ወደ ኦቦክ፣ ከዚያም በባሕር ወደ የመን ለመሻገር የተነሱ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በዚሁ በረሃ ያልፋሉ። በውሃ ጥምና በሙቀት መንገድ ላይ የቀሩ አሉ። ጎብኚው በመኪና በሰዓታት የሚጨርሰውን ርቀት እነርሱ በቀናት የእግር ጉዞ ይገፉታል። ስለዚህ ከራስ ፍጆታ የተረፈ የመጠጥ ውሃ መያዝ በዚህ ሸለቆ የሌላውን ሰው ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።