የብጉር ካፕሱል እና የሰባ ዓመት ሂሳቡ



የሕክምና ድጋፍ ሣጥናችንን ሂሳብ በየመንፈቁ ስንዘጋ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ እናያለን። ባለፈው ጊዜ ከአንድ ቤት የመጡ ስድስት ደረሰኞች አገኘን። ስድስቱም የአንድ መድኃኒት ናቸው፤ ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጋር የሐኪም ማዘዣ ተያይዟል። ከአራቱ ጋር ግን ምንም የለም።

እናትየውን ጠርተን ጠየቅናት። «የልጄ ብጉር ነው» አለችን። «ሐኪሙ ለሁለት ወር አዘዘላት፤ ፊቷም ተሻላት። ሲያልቅ ግን ተመልሶ እንዳይወጣባት ፈራን። ደጃችን ካለው መድኃኒት ቤት እየገዛን ቀጠልን።» ልጅቷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ብጉሩ ሲብስባት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ነበር ትምህርት ቤት የምትሄደው። ሰንበት ሲሆን ከቤት አትወጣም ነበር። ይህን የሰማች እናት ለምን ቀጠልሽ ብሎ ለመውቀስ አፍ አይከፈትም።

ነገሩን ለስብሰባ ስናቀርበው ሌላ ጉድ ወጣ። ከመካከላችን አምስት ሴቶች ለራሳቸው ወይም ለልጆቻቸው ይህንኑ መድኃኒት ያለ ማዘዣ ገዝተው ያውቃሉ። አንዷ ከእህቷ የተረፈውን ወስዳለች። ስለዚህ ይህ ካፕሱል ከየት መጣ፣ ብጉር ላይስ እንዴት ደረሰ የሚለውን ለማወቅ ተነሣን። እኛ የሂሳብ መዝገብ የያዝን ሴቶች ሐኪም አይደለንም። ነገር ግን አንድ ወጪ ሲመጣ መጨረሻ ላይ ማን እንደሚከፍለው መጠየቅ ሥራችን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአፈር ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ቤንጃሚን ዱጋር የሚባሉ የዕፅዋት ሊቅ ከዩኒቨርሲቲ ጡረታ ወጥተው፣ ዕድሜያቸው ሰባ ካለፈ በኋላ፣ ሌደርሊ በሚባለው የአሜሪካ መድኃኒት አምራች ውስጥ ተቀጠሩ። ሥራቸው ከየቦታው የመጣ አፈር መመርመር ነበር። ከሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ማሳ በመጣ አፈር ውስጥ ሌሎች ጀርሞችን የሚገታ ወርቃማ ነገር የሚያመነጭ ባክቴሪያ አገኙ። መድኃኒቱ በ1948 ለዓለም ሲገለጽ ስሙ ከወርቅ ተወስዶ ኦሪዮማይሲን ተባለ። በ1950 ደግሞ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ከሌላ አፈር ቴራማይሲንን አወጣ፤ ይህኛው ስሙ ከምድር የመጣ ነው። ጥቂት ቆይቶ በዚሁ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሎይድ ኮኖቨር ኦሪዮማይሲንን በኬሚካል ለውጦ ቴትራሳይክሊንን ሠራ።

ያኔ ፔኒሲሊን በአብዛኛው በመርፌ ይሰጥ ነበር። እነዚህ አዳዲሶቹ ግን በአፍ ይዋጣሉ፤ ብዙ ዓይነት ጀርምም ይይዛሉ። ለሰው ሁሉ እፎይታ ነበር።

ቴትራሳይክሊን ለእኛም እንግዳ አይደለም። ልጅ ወልደን ገና በጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ሳለን የሕፃኑ ዓይን የተቀባው እሱ ነው። በየገጠሩ ትራኮማ ያመማቸው እናቶቻችን ዓይናቸውን የተቀቡትም እሱን ነው። ብዙዎቻችን በልጅነታችን ጉልበታችን ሲቆስል ካፕሱል ተከፍቶ ዱቄቱ ቁስላችን ላይ ሲነሰነስ አይተናል። ከዚህ የተነሣ እንደ ቤት ዕቃ ለመድነው፤ የምንፈራው መድኃኒት ሆኖ አያውቅም።

ብጉር ላይ እንዴት ደረሰ? ከዚያ በፊት የቆዳ ሐኪሞች የነበራቸው ድኝ፣ ሳሙናና የመሳሰሉት ነበሩ። በራጅ ጨረር ፊትን ማከም ራሱ ለብዙ ዓመታት የተለመደ ነበር፤ በኋላ ግን ካንሰር እንደሚያመጣ ታውቆ ተተወ። ብጉር ውስጥ ባክቴሪያ እንዳለ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ታይቷል። ስለዚህ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ሲመጣ ሐኪሞቹ በ1950ዎቹ ለብጉር መስጠት ጀመሩ። ውጤትም አዩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ብጉር እንደ ቁስል ከውጭ በገባ ጀርም ብቻ የሚመጣ አይደለም። በጉርምስና ጊዜ ሆርሞን የቆዳውን ቅባት ያበዛል፤ የፀጉሯ ቀዳዳ ይደፈናል፤ በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖረው ባክቴሪያ በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ቆዳው ይቆጣና ያብጣል። ቴትራሳይክሊንና ዘመዶቹ ባክቴሪያውን ይቀንሳሉ፤ የቆዳውንም ቁጣ ያበርዳሉ። ቅባቱንና የተደፈነውን ቀዳዳ ግን አይነኩም። ለዚህ ነው ካፕሱሉ ሲቆም ብጉሩ የሚመለሰው። ሰውም ሲመለስበት ደግሞ ይወስዳል። በዚህ ሁኔታ ለወራት አልፎም ለዓመታት መዋጥ በአሜሪካና በአውሮፓ ልማድ ሆነ። በ1967 ዶክሲሳይክሊን፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሚኖሳይክሊን ገበያ ሲገቡ ልማዱ ተጠናከረ።

የመጀመሪያው ዕዳ የመጣው በሕፃናት ጥርስ ነው። ቴትራሳይክሊን ከካልሲየም ጋር ይጣበቃል። ጥርሱ ገና በመሠራት ላይ ያለ ሕፃን ከወሰደው፣ ወይም እናቱ በእርግዝና ከወሰደችው፣ ጥርሱ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል፤ በብሩሽም አይለቅም። በ1963 የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ስለ ነፍሰ ጡሮችና ስለ ሕፃናት ማስጠንቀቂያ አወጣ። በዚያው ዓመት ጊዜው ያለፈበትና የተበላሸ ቴትራሳይክሊን የዋጡ ሰዎች ኩላሊታቸው እንደተጎዳ በሕክምና መጽሔት ተጻፈ። «ከባለፈው የተረፈ» ብለን በመሳቢያ የምናስቀምጠውን እዚህ ላይ እናስታውስ።

መድኃኒቱ አጥንት ላይ ምን ያህል እንደሚጣበቅ ከጎረቤታችን የተገኘ ማስረጃ አለ። በ1980 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በሱዳን ኑቢያ ከ350 እስከ 550 ዓ.ም. ገደማ የኖሩ ሰዎችን አጥንት በልዩ ብርሃን ሲመለከቱ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ አበራ። ቴትራሳይክሊን ነበር። በ2010 በኬሚካል ምርመራም ተረጋገጠ። ተመራማሪዎቹ ምንጩ ከእህል የሚጠመቅ፣ እንደኛ ጠላ ያለ መጠጥ ነው ይላሉ፤ ባክቴሪያው እህሉ ላይ አድጎ መድኃኒቱን ጠመቀው ማለት ነው። አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ያልለቀቀ ነገር የልጅ ጥርስን በቀላሉ አይለቅም።

ሁለተኛው ዕዳ ከዚህ ይከብዳል፤ በሌላ ሰው ስም የሚጻፍ ዕዳ ነውና። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ ሰዎች መድኃኒቱን ከሱቅ ገዝተው በማይበቃ መጠን ቢወስዱ ጀርሞቹ ይለምዱታል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ መድኃኒቱ ደካሞቹን ይገድላል፤ መቋቋም የቻሉት ይተርፋሉ፤ ቦታውን ይዘው የሚራቡትም እነሱ ናቸው። ብጉር ላይ ይህ ሳይታይ ሃያ አምስት ዓመት ያህል አለፈ። በ1979 በአሜሪካ ኤሪትሮማይሲንና ክሊንዳማይሲን የማይበግሩት የብጉር ባክቴሪያ መገኘቱ ተጻፈ። በእንግሊዝ ሊድስ ከተማ ተመራማሪዎች የብጉር ሕሙማንን ለአሥር ዓመት ተከታተሉ። መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ የተገኘባቸው በ1991 ከመቶ 34.5 ነበሩ፤ በ1997 ከመቶ 64 ደረሱ። የተላመደው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ራሳቸው ባልወሰዱ፣ ነገር ግን ከሕሙማኑ ጋር በአንድ ቤት በሚኖሩ ሰዎች ቆዳ ላይም ተገኝቷል።

ደግሞም የተዋጠ መድኃኒት ፊት ላይ ብቻ አይቀርም። ጉሮሮና አንጀት ውስጥ ያሉትን ባክቴሪያዎች ሁሉ ያገኛል፤ እነሱም ይማራሉ። ለእኛ አገር ዶክሲሳይክሊንና ቴትራሳይክሊን የብጉር መድኃኒት ብቻ አይደሉም። ተስቦን፣ ግርሻን፣ ኮሌራን የምናክምባቸው ናቸው። ሁላችንም እቁብ እናውቃለን። አንዷ ዕጣዋን በልታ መክፈሏን ብታቆም ጉድለቱ የሚታየው ተራዋን ስትጠብቅ በኖረችው ላይ ነው። አንቲባዮቲክም የጋራ እቁባችን ነው።

ታዲያ ሌላ መንገድ አለ? በ2004 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ለሂሳብ ሰው የሚጥም ነው። ቀላልና መካከለኛ የፊት ብጉር ያለባቸው 649 ሰዎች በአምስት ቡድን ተከፍለው ለ18 ሳምንት ታከሙ። ደህና መሻሻል ያገኙት ኦክሲቴትራሳይክሊን ከዋጡት ከመቶ 55፣ ሚኖሳይክሊን ከዋጡት ከመቶ 54፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባለውን ቅባት ብቻ ከተቀቡት ደግሞ ከመቶ 60 ነበሩ። ከዋጋው አንጻር ሲታይ ቅባቱ አንደኛ፣ ሚኖሳይክሊን መጨረሻ ሆነ። ከዚህም በላይ ባክቴሪያው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድን አይላመደውም። መጀመሪያ ላይ ቆዳ ያደርቃል፤ ትንሽ ያቃጥላል። የጨርቅ ቀለም ስለሚያለቅ የነጠላችንን ጥለት መጠበቅ አለብን።

ይህን ስንል ካፕሱሉ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። ያበጠ፣ የሚያም፣ ጠባሳ የሚተው ብጉር ላለባት ልጅ ዶክሲሳይክሊን በጊዜው ቢሰጣት ፊቷን ያድናል። የዛሬ የቆዳ ሐኪሞች ምክር ግን ከ1970ዎቹ የተለየ ነው። ለብቻው አይሰጥም፤ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ይሰጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ካፕሱሉ ይቆምና ብጉሩ እንዳይመለስ በሚቀባ መድኃኒት ይያዛል። ይህ ሁሉ ካልረዳ ሌላ መድኃኒት አለ፤ በ1982 በአሜሪካ የተፈቀደው አይሶትሬቲኖይን። እሱ ግን በእርግዝና ከተወሰደ ጽንሱን ክፉኛ ስለሚጎዳ ያለ ሐኪም ክትትል ፈጽሞ አይነካም።

የምትወስድ ካለች እነዚህን ትያዝ። በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል፤ ውጦ ወዲያው መተኛት የለም፤ ካፕሱሉ ጉሮሮ ላይ ቀርቶ ያቆስላል። ከወተት፣ ከብረት እንክብል ወይም ከጨጓራ መድኃኒት ጋር በአንድ ጊዜ አይወሰድም፤ ሥራው ይቀንሳል። ፀሐይ ቆዳን ቶሎ ያቃጥላል፤ ጥላ ወይም ነጠላ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም ልሆን እችላለሁ ብላ የምትጠራጠር፣ ለሐኪሟ አስቀድማ ትንገር።

አሁን ወደ ልጅቷ እንመለስ። ከእናቷ ጋር ወደ ሐኪም አብረናት ሄድን። ሐኪሟ ፊቷን አይተው የተናገሩት አስገረመን። ብጉሩ ከጠፋ ቆይቷል። እሷም እናቷም ብጉር ነው ብለው ያዩት የነበረው ብጉሩ ትቶት የሄደውን ጥቁር ምልክት ነበር። እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ይህ ምልክት ለወራት ይቆያል፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ምንም አያደርገውም። አራት ወር ሙሉ ለማያጠፋው ነገር ነበር የዋጠችው። ካፕሱሉን አስቆሟትና የሚቀባ አዘዙላት። ምልክቱ ቀስ እያለ እየደበዘዘ ነው፤ ጨርሶ አልጠፋም። ባለፈው ሰንበት ግን ከጓደኞቿ ጋር ስትወጣ አይተናታል፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር።

እናትየው በስብሰባችን ላይ ያለችውም ተመዝግቧል። «የሐኪም ወረፋ ሦስት ሳምንት ነው፤ መድኃኒት ቤቱ ግን ደጄ ላይ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ማዘዣ አምጪ ብሎ ማለት ብቻ መፍትሔ አይሆንም። ስለዚህ ማኅበራችን ሁለት ነገር ወሰነ። ሣጥናችን ያለ ማዘዣ ለተገዛ አንቲባዮቲክ አይከፍልም። በምትኩ ለሚቀባው መድኃኒት፣ ለአንድ ተመላልሶ ምርመራና ለታክሲው ይከፍላል። ሂሳቡን ሠርተነዋል፤ በስድስቱ ደረሰኞች ከወጣው ብዙም አይበልጥም።

በየቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ የተረፈ ካፕሱል ካለ ለሌላ ሰው አትስጡ። በሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁት ኑ፤ አንድ ላይ ሰብስበን በአግባቡ እንዲወገድ ለጤና ጣቢያው እናስረክባለን።

ቸር ይግጠመን።